ኳስ ቡናው ላይ ስትገባ

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል፤ እኔ ደግሞ ምስጋናው ሰልችቶኛል። የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች መሪ ሁለት ጊዜ ስሜን ጠርቶ ምሳሌ አድርጎኛል። ሁለቱንም ጊዜ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ሰዉ ትሕትና መሰለው። አንገቴን የደፋሁት ግን ታሪኩ እሱ እንዳወራው ስላልሆነ ነው። እናንተም ከሰው አፍ ከምትሰሙት አንድ ጊዜ ከነጉድፉ ልንገራችሁና ልረፍ።

ያኔ ዲላ ውስጥ በአንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ስሜ ምሕረት ነው፤ የወናጎ ልጅ ነኝ። ቁመቴ ለቅርጫት ኳስ ቀርቶ ከቁም ሣጥን ላይ ዕቃ ለማውረድም አይበቃም። የሴቶቹ ቡድን አምበል የሆንኩት በችሎታ አይደለም፤ ልምምድ ቀርቼ ስለማላውቅ ነው። አሰልጣኛችን ጋሽ በየነ የኮሌጁ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ኳሷን አስፈርመው ያስረክቡናል፣ ማታ ፈርመው ይረከቡናል፣ በመሃል ደግሞ ያሠለጥኑናል። በወጣትነታቸው ጎበዝ ተጫዋች ነበሩ ይባላል። ጉልበታቸው ግን ይህን የሚመሰክር አልነበረም።

ሜዳችንን ካላወቃችሁ ቀሪው አይገባችሁም። ሜዳው ሲሚንቶ ነው። ፀሐይ የሚያገኝ ሰፊ ሲሚንቶ ደግሞ በእኛ አገር ቡና በሚለቀምበት ወቅት ባዶውን አይውልም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሜዳው ግማሽ ላይ ቡና ይሰጣል። ቡናው የዘበኛው የጋሽ ጅግሶና የጎረቤቶቻቸው ነው። ኮሌጁ ፈቅዶላቸዋል፤ እኛን የጠየቀን የለም። ስለዚህ የኮሌጆቹ ውድድር ሲቃረብ የምንለማመደው በአንድ ቅርጫት፣ በግማሽ ሜዳ፣ ከቡናው ጋር ተዋስነን ነው። ኳስ እያነጠርኩ ልሩጥ ያለች ልጅ ገና ሦስት እርምጃ ሳትሄድ ቡናው ላይ ትቆማለች። ስለዚህ ማንጠሩን ትተን መቀባበል ለመድን፤ አጭር አጭር፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ ኳሷ መሬት ሳትነካ።

ሕግም ነበረን። ኳሷ ቡናው ላይ ከገባች፣ መጨረሻ የነካቻት ልጅ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ቡናውን በሙሉ በእንጨት ታገላብጣለች። ዳኛ የለንም። ጋሽ ጅግሶ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ሆነው፣ "እኔ አላየሁም። የነካ እጁን ያንሳ" ይላሉ። አንድ ቀን ታዲያ እጅ የሚያነሳ ጠፋ። ጋሽ ጅግሶ አልተቆጡም። ተነሡና ያንን ሁሉ ቡና በዚያ በሚያማቸው ወገብ ከዳር እስከ ዳር ብቻቸውን አገላበጡት። እኛ ቦርሳችንን እንዳንጠለጠልን ቆመን አየናቸው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ኳስ ከመስመር ስትወጣ የነካው እጅ በራሱ ጊዜ ይነሳል፤ ባለቤቱን አያማክርም።

ቡድኑ ማለት ብርቱካን ነበረች። የጨለለቅቱ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ስትዘል ቸኩላ የማትወርድ። ከልጅነቷ ጀምሮ በቡና ማጠቢያው ከእናቷ ጎን ቆማ ቡና ስትመርጥ ነው ያደገችው። "ሽታው ራሱ ያደክመኛል" ትለኝ ነበር። በዚያ ዓመት ትመረቃለች፤ ተመርቃ የሚጠብቃት ግን ያው ማጠቢያ ነው። መውጫዋ አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ በየነ የአንድ የአዲስ አበባ ክለብ አሰልጣኝ የሆነች ሴት ያውቃሉ። ደውለው ስለ ብርቱካን ሲነግሯት፣ "ሁሉንም ጨዋታ ለማየት ጊዜ የለኝም። ግማሽ ፍጻሜ ከደረሳችሁ መጥቼ አያታለሁ፤ ከወደድኳት እወስዳታለሁ" አለቻቸው። በክለብ መያዝ ማለት ሥራ ማለት ነው፣ አዲስ አበባ መኖር ማለት ነው። ብርቱካን ይህን ከሰማች ጀምሮ ሌላ ነገር አላወራችም።

ጥሎ ማለፉ ላይ ሩብ ፍጻሜ የደረስነው በእግዜር ቸርነት ነው። የመጀመሪያው ቡድን መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሳይመጣ ቀረ። ሁለተኛዎቹ ዲላ መጥተው፣ ለጨዋታው ወደ ሜዳው ዳር የተሰበሰበውን ቡና እንዳይረግጡ እየፈሩ ሲራመዱ አሸነፍናቸው። ሦስተኛዎቹ ጋ ግን መሄድ የእኛ ተራ ሆነ። አዲስ አበባ ናቸው፤ በደረጃው አንደኛ። በገዛ አዳራሻቸው መቼ እንደተሸነፉ የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም።

ጎህ ሳይቀድ ዲላን ለቀን ወጣን። ስምንት ተጫዋቾች፣ ጋሽ በየነና ሹፌሩ ሆነን በኮሌጁ ሚኒባስ ታጭቀናል። ሻሸመኔ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ፣ ሻሸመኔን ካለፍን በኋላ ደግሞ ተለዋጩ ፈነዳ። እሱ እስኪጠገን መንገድ ዳር ተቀምጠን ቆጮና አቮካዶ በላን። ብርቱካን አጠገቤ ነበረች።

"ምሕረት፣ ብንሸነፍ እኔ ምን እሆናለሁ?" አለችኝ።

"አንሸነፍም።"

"ውሸትሽን ነው።"

"አዎ፣ ውሸቴን ነው።"

ሳቀች። ቀጥላ ግን ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "እኔ ማሸነፍ አልልሽም። እስከ መጨረሻ ፊሽካ እንዳትደክሚብኝ። ይሄን ብቻ ቃል ግቢልኝ።"

"አልደክምም" አልኳት።

አመሻሽ ላይ ስንደርስ እግራችን ሁሉ አብጦ ነበር። በተሰጠን መኝታ ቤት ጫማችንን ሳናወልቅ ወደቅን። ጠዋት አዳራሹ ስንገባ ሁላችንም ቆመን ወለሉን አየን። የሚያበራ የእንጨት ወለል ነው፣ ፊት ያሳያል። ሰላም የምትባል የዲላ ነጋዴ ልጅ፣ ከእኛ ሁሉ አፏ የማያርፈው፣ ጎንበስ ብላ በእጇ ዳሰሰችው። "አቦ፣ እዚህ ላይ በጫማ መርገጥ ራሱ ሼም ነው" አለች።

የመጀመሪያው አጋማሽ አሳፋሪ ነበር። ሰፊ ሜዳ አይተን ነገር ዓለሙን ረሳን። ሁላችንም እያነጠርን እንሮጣለን፣ እነሱም እየነጠቁን ይሄዳሉ። ዘጠኝ ቁጥር የለበሰች ረጅም ልጅ ነበረቻቸው፤ እኔን ስታልፈኝ ያየችኝም አይመስለኝ። እረፍት ስንወጣ በአሥራ ስምንት ነጥብ ይመሩናል። ተመልካቹ መሳቁን ትቶ ስልኩን መነካካት ጀምሯል፤ ከሳቁ ይልቅ ያኛው አመመኝ።

መልበሻ ክፍል ገብተን ተቀመጥን። ብርቱካን ፎጣዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋለች። ጋሽ በየነ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ መንገዱ እሳቸውንም አድክሟቸዋል።

"እስቲ ልጠይቃችሁ" አሉ። "ቡናውን ማን አነሳው?"

አልገባንም።

"ሜዳው ላይ ቡና የለም ብላችሁ ነው እንዲህ የምትፈነጩት? አለ። ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቷል። ጅግሶም ተቀምጦ ያያችኋል። ኳሷ መሬት ከነካች አገላባጯ አንቺ ነሽ። ሌላ የምነግራችሁ ነገር የለኝም፤ እኔም ደክሞኛል።"

ሰላም ሳቀች። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ብርቱካንም ፎጣውን አነሳችው።

ሁለተኛውን አጋማሽ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ኳሷን መሬት ማስነካት አቆምን። ከእጅ ወደ እጅ፣ አጭር አጭር፣ ሳንቸኩል። የአዲስ አበባዎቹ ለመንጠቅ ይመጣሉ፤ ሲደርሱ ኳሷ የለችም። ሰው ኳስ ሲከተል ከሚሮጠው በላይ ይደክመዋል። ብርቱካን ከቅርጫቱ ሥር ትቆማለች፣ ኳሷ ዞራ ዞራ እሷ ጋ ትደርሳለች፣ እሷም ታስገባለች። አሥራ ስምንቱ አሥር ሆነ፣ ቀጥሎ አምስት ሆነ። ተመልካቹ ስልኩን ኪሱ ከተተ። የእነሱ አሰልጣኝ ወንበሩን ትቶ ተነሣ። እግሬ እየዛለ ነበር፤ ግን ቃል ገብቻለሁ።

አሥራ አንድ ሰከንድ ሲቀር በአንድ ነጥብ እኛ እንመራ ነበር።

ኳሷ በእነሱ እጅ ናት። ዘጠኝ ቁጥሯ ወደ ጥጉ ወረወረቻት። እኔ ከፊት ዘለልኩ፣ ብርቱካን ከኋላዬ ዘለለች። ኳሷ ጥፍሬን ጫር ስታደርገኝ ተሰማኝ፤ ከዚያ ነጥራ ከመስመሩ ወጣች። ዳኛው ፊሽካ ነፋና እጁን ወደ እኛ አቅጣጫ ዘረጋ። "የዲላ ኳስ!"

በቃ፣ አለቀ ማለት ነው። ኳሷን አስገብተን አሥር ጊዜ ብንቀባበላት ሰዓቱ ያልቃል። ከወንበር ያሉት ልጆቻችን ተቃቅፈው ይዘላሉ። እኔም ልዘል ስል ዳኛው እኔን እያየ መሆኑን አስተዋልኩ። የሚያየው እጄን ነው። እጄ ተነስቷል።

መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ተነስቶ አገኘሁት።

"ምንድን ነው? ቅያሬ ነው?" አለኝ ዳኛው።

እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። አዎ፣ ቅያሬ ነው ማለት እችል ነበር። ጫማዬ ተፈቷል ማለትም እችል ነበር። ስለ እውነት፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ምንም አላሰብኩም። አፌ እጄን ተከትሎ ሄደ።

"እኔ ነኝ የነካሁት" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አዎ።"

ዳኛው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ እጁን ወደ እነሱ ዘረጋ። ዞር ስል ብርቱካንን አየኋት። አፏን ከፈት አድርጋ ታየኛለች። አስተያየቷን ቁጣ ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ ሌላ ምን ልል እችላለሁ?

ኳሷን አስገቡ፣ ዘጠኝ ቁጥሯ ተቀበለች፣ ብርቱካን ልትከለክላት ዘለለች፣ ኳሷ ግን ከእጇ በላይ አለፈች። ገባች። ሰዓቱም አለቀ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

የእነሱ አሰልጣኝ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፣ ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበልኝ። አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ እኛ ዲላ ሳንገባ ቪዲዮው ገብቷል። መልበሻ ክፍል ውስጥ ግን የሚያጨበጭብ አልነበረም። ሰላም ጫማዋን ግድግዳው ላይ ወረወረችው። "ማን ጠየቀሽ? ዳኛው ሰጠን እኮ፣ ዳኛው!" አለች፤ ከዚያ ድምፇን ዝቅ አድርጋ፣ "አመል ያወጣል ከመሃል" አለችኝ። ጋሽ በየነ ኳሶቹን እየቆጠሩ ከረጢት ውስጥ ይከታሉ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ብርቱካን ልብሷን ቀይራ ቀድማን ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሌሎቹ ለግማሽ ፍጻሜ ሲዘጋጁ፣ እኛ ሚኒባሳችን ውስጥ ገባን። ብርቱካን ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ የማየው ማጅራቷን ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ምን ልበላት? ቃል አስገብታኝ ነበር። አልደከምኩም፤ ግን ከመድከም የባሰ ሠራሁባት። በመስኮቱ የሚያልፈው አገር ሁሉ አስጠላኝ። ሰዎች ስለዚያ ቀን ሲያወሩ የልብ እረፍት ተሰምቷት ይሆናል ይላሉ። አልተሰማኝም። የብርቱካንን መውጫ በእጄ እንደዘጋሁ ነው የተሰማኝ፣ ያውም ሳላስበው።

ዲላ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ልጆቹ ባጃጅ እየያዙ ተበተኑ። እኔ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ቡናው እንደተሰጣ ነው፤ ጋሽ ጅግሶ ከአቮካዶው ሥር ተቀምጠዋል። ቦርሳዬን አስቀምጬ እንጨቱን አነሳሁ።

"ኳስ ገባ?" አሉኝ።

"ገባች ጋሽ ጅግሶ።"

"መቼ? ዛሬ ልምምድ የለም።"

"ትናንት። አዲስ አበባ።"

ትንሽ አሰቡበት። "አዲስ አበባ የገባ ኳስ ቡና እዚህ ይገላበጣል?"

"አላውቅም። የነካሁት ግን እኔ ነኝ።"

"እንግዲያ ገልብጥ" አሉኝ። ጋሽ ጅግሶ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ያስኬዱታል። "ቡናው አይጠላም።"

ጀመርኩ። ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ብርቱካን ናት። ለጨለለቅቱ መኪና ልትሳፈር ሻንጣዋን ይዛለች፤ ወደ መናኸሪያ እየሄደች ተመልሳ ነው። ከቡናው ጠርዝ ላይ ቆመች።

"ስጪኝ" አለች እጇን ዘርግታ።

"ተዪው። የኔ ነው።"

"አይደለም፣ ያንቺ አይደለም። ስጪኝ እንጨቱን።"

"ብርቱካን፣ እኔ ነኝ የነካሁት። ጥፍሬን ነክታኛለች።"

"ጥፍርሽን ነክቶ ይሆናል። ከዚያ እኔን ነካኝ። እዚህ ጋ።" መዳፏን አሳየችኝ። "መጨረሻ እኔ ነኝ። ገፍቼው ነው የወጣ።"

እንጨቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። "ለምን ታዲያ አልተናገርሽም?"

"ዳኛው ለእኛ ሰጠ። ዝም አልኩ። አለፍኩ ብዬ ነበር፣ ሴትየዋ ታየኛለች ብዬ ነበር። ከዚያ ያንቺ እጅ ወጣ።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላማ ሁሉም አንቺን መሳደብ ጀመረ። ለኔ ተመቸኝ።" ዓይኗን ከዓይኔ አላነሳችም። "አንቺ ባታነሺ እኔ አላነሳም ነበር። ይሄን እንድታውቂ ነው የመጣሁት። መንገድ ሙሉ ላንቺ ልናገር አልኩ፣ አቃተኝ። ዲላ ስንገባ ቡናው ሸተተኝ።"

እንጨቱን ከእጄ ወሰደች። ሻንጣዋን ለጋሽ ጅግሶ ሰጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ ቡናው ውስጥ ገባች። እኔ የጀመርኩትን መስመር ሳይቀር እንደገና ከዳር ጀመረችው። ላግዝሽ ስላት በእጇ ምልክት አባረረችኝ። ከጋሽ ጅግሶ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩና አየኋት። በመሃል ቆማ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ላብ ይሁን እንባ አልጠየቅኳትም።

ጋሽ ጅግሶ እንጨት አያያዟን አይተው፣ "ይሄ ልጅ ቡና ያውቃል" አሉ።

ብርቱካን በዚያ ሰኔ ተመረቀች። የክለቡ ሴትዮ አላየቻትም፤ ሌላም አልመጣም። ዛሬ ጨለለቅቱ ቡና ማጠቢያ ውስጥ የመራጮቹ ኃላፊ ናት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። ይህን ስነግራችሁ መጨረሻው ያማረ ለማስመሰል አልፈልግም። አላማረም። እውነት የተናገረ ሁሉ እውነቱ የሚያስከፍለው እሱን ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ያለውንም ያስከፍለዋል። ይህን ስብከት ላይ ሲናገሩት ሰምቼ አላውቅም።

እኔን ያ ቀን ዳኛ አደረገኝ። ትምህርቴን ጨርሼ ወናጎ ውስጥ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ፊሽካ ይዤ ሜዳ ለሜዳ እዞራለሁ። ኳስ ከመስመር ስትወጣ፣ ከመንፋቴ በፊት ለአንዲት አፍታ የተጫዋቾቹን እጅ አያለሁ። እስከ ዛሬ አንድም እጅ ሲነሳ አላየሁም። አልፈርድባቸውም፤ የሚያገላብጡት ቡና የላቸውም።

እናንተ ግን ቪዲዮውን ድንገት ካያችሁት ይህን አስቡልኝ። እጇን ያነሳችው አጭሯ ልጅ ልማዷ ነው ያነሳባት። የጋሽ ጅግሶ ወገብ ነው ያነሳባት ብትሉም ልክ ናችሁ። ሐቀኛዋ ከኋላዋ ቆማ አፏን የከፈተችው ናት፤ ሐቋ አንድ ቀን ዘግይቶ፣ ማንም ሳይቀርጻት፣ ማንም ሳያጨበጭብላት ነው የመጣው። ለዚህ ነው ስሜ ሲጠራ አንገቴን የምደፋው።

ይህን ከመጻፌ በፊት ደውዬ ፈቃዷን ጠየቅኳት። ከበስተጀርባ የማጠቢያው ውኃ ይሰማል።

"ጻፊው" አለች። "ግን ቡናውን ብቻዬን እንደጨረስኩት ጻፊ። አንቺ ጥላ ሥር ተቀምጠሽ ነበር።"

እውነቷን ነው። ተቀምጬ ነበር።